አባዬ አልጋው ሥር የለም

«ጤና ይስጥልኝ የዚህ ዓምድ አዘጋጅ። የምጽፍልዎት ከሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። የ30 ዓመት ሴት ነኝ፤ ትንሽ ፀጉር ቤት አለችኝ። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከጅቡቲ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ጭነት ያመላልሳል። ቤት የሚመጣው በወር አንዴ፣ አንዳንዴም ከዚያ ቆይቶ ነው። አንድ ወንድ ልጅ አለን። አቡሽ እንበለው። በሩፋኤል ቀን፣ ጳጉሜ 3፣ አራት ዓመት ይሞላዋል። በመስከረም ደግሞ ኬጂ ይገባል።

ችግሬ ይኸውልዎት። ባለቤቴ ያለው እረፍት አራት ቀን ብቻ ነው። እሱ የልደቱን ሰሞን መርጧል። ከእህቱ ጋር ሆነው ሰርፕራይዝ እያዘጋጁ ነው። ለአቡሽ አባቱ እንደሚመጣ አይነገረውም። አንድ ትልቅ የስጦታ ካርቶን ይቀርብለታል። ሲከፍተው አባቱ ከውስጥ ብድግ ይላል፤ እህቱ ቪዲዮ ትቀርጻለች። ከዚያ በእንቁጣጣሽ ሌሊት፣ ልጁ ሳይነቃ፣ ይሄዳል። ትምህርት ቤት የሚከፈተው ቀጥሎ ባለው ሰኞ ነው።

እኔ ልቤ አልወደደውም። አቡሽ ዓይን አፋር ነው። አምና በልደቱ መብራት አጥፍተን፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተደብቆ፣ ‹ሰርፕራይዝ!› ብለን ስንጮህ ሱሪው ላይ ሸና። ኬኩን ሳይቀምስ ጓዳ ገብቶ ተኛ። ሰዉ ስቆ አለፈው። በግንቦት ደግሞ ባለቤቴ መጥቶ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ልጁ እንደተኛ ወጣ። ጠዋት አቡሽ ተነስቶ አልጋው ሥር ገባና ‹አባዬ› እያለ ፈለገው። ቀጥሎ መጋረጃውን ገለጠ። ቁም ሳጥኑን ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ሽንት ቤት ስገባ እንኳ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

አማቴ ‹ሆደ ባሻ ያደረግሽው አንቺ ነሽ፤ ትምህርት ቤቱም በር ላይ አድርሰሽው ዞር በይ፣ አልቅሶ ይለምዳል› ይሉኛል። የባለቤቴ እህት ‹የወንድሜን ደስታ ልታበላሺ ነው› ብላ ተቀይማኛለች። ለድግሱ ያሰቡት ወጪም ለምዝገባና ለዩኒፎርም ብዬ ከእቁብ የያዝኩትን ብር የሚነካ ነው። ባለቤቴን ማስቀየም አልፈልግም። ግን ለእኔ ያ ሰኞ ከልደቱ ይበልጥብኛል። ብቻዬን እዚያ በር ላይ መቆሙን ሳስበው ይጨንቀኛል። ሰርፕራይዙን ልከልክል? ወይስ እኔ ነኝ ያጋነንኩት?

እናቱ፣ ከሐዋሳ»

እህቴ፣

አላጋነንሽም። ደብዳቤሽን ሳነብ አልጋው ሥር የገባው ልጅ ጋ ስደርስ ማንበቤን አቁሜ ትንሽ ቆየሁ።

እስቲ ያን ጠዋት በእሱ ዓይን እንየው። ሲተኛ አባቱ አጠገቡ ነበር። ሲነቃ የለም። «ሄደ» ያለው ሰው የለም። ቻው አልተባለም። ታዲያ በአራት ዓመት ልጅ ሂሳብ አባቱ አልሄደም፤ ተደብቋል ማለት ነው። ስለዚህ ሰው በሚደበቅበት ቦታ ሁሉ ፈለገው። የአቡሽ ሂሳብ ትክክል ነው። ያልተነገረው ነገር ነው የጎደለው።

አሁን ደግሞ አባቱ ከካርቶን ውስጥ ብድግ ሲል ያያል። በአራተኛው ቀን ሲነቃ አባቱ የለም። የት ሄዶ የሚፈልገው ይመስልሻል? እኔ ያ ካርቶን ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ ልጁ በየጠዋቱ ክዳኑን ሲያነሳ ነው የታየኝ። በዚያው ሳምንት ደግሞ አንቺ እጁን ይዘሽ የማያውቀው ግቢ ታስገቢዋለሽ። ሽንት ቤት በር ላይ የሚጠብቅሽ ልጅ ሆደ ባሻ ስለሆነ አይደለም። አንድ ሰው ሳይነግረው ጠፍቶበታል፤ ሁለተኛዋም እንዳትጠፋ ዘብ ቆሟል።

ሰርፕራይዝ በራሱ ክፉ ነገር ነው እያልኩ አይደለም። ስምንት ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ ይወደዋል፤ ጨዋታ መሆኑ ይገባዋላ። ለአቡሽ ዓይነቱ ትንሽ ልጅ ግን ደስታው መጠበቁ ላይ ነው። «ነገ ነው? ከነገ ወዲያ ነው?» እያለ ሲያደርቅሽ እኮ እየተደሰተ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የአልጋውን ነገር ለባለቤትሽ ነግረሽዋል? ደብዳቤሽ ላይ አላየሁትም። እሱ ምናልባት የሚያስታውሰው እንቅልፍ ላይ ያለ ልጁን ስሞ በጣቱ ጫፍ እየተራመደ መውጣቱን ነው። «እንዳያለቅስ ብዬ ነው» ይላል። እውነቱን ነው፤ በፍቅር ያደረገው ነው። መሰናበቱ እሱንም ሳይከብደው አይቀርም። ካርቶን ውስጥ መግባት ለምን እንደፈለገም አስቢለት። ይህ ሰው ልጁን በስልክ ነው የሚያየው። ወር ሙሉ መንገድ ላይ ሆኖ የሚናፍቀው ያቺን አንድ ቅጽበት ነው፤ ልጁ አባቱን ሲያይ ፊቱ ሲበራ ማየት። ያንን አትውሰጂበት። «ሰርፕራይዙን ተው» ብለሽ አትጀምሪ። ሞጆ ጭነት እስኪያራግፍ ተራ ሲጠብቅ፣ ረጋ ብሎ ማውራት በሚችልበት ሰዓት ደውይና የአልጋውን ነገር ብቻ ንገሪው። መጋረጃውንም፣ ቁም ሳጥኑንም። ከዚያ ዝም በይ። አባት ነው፤ ቀሪውን ራሱ ይደርስበታል።

ያ ሰኞ ከልደቱ ይበልጥብኛል ላልሽው፣ እኔ አንቺ ጋ ነኝ። የልደት ቀን ይዛወራል፤ የመጀመሪያው የትምህርት ቀን ግን አይዛወርም። አቡሽ ካሌንደር አያውቅም። ልደቱ እናንተ «ዛሬ ነው» ያላችሁት ቀን ነው። ስለዚህ ባለቤትሽ እረፍቱን ማዛወር ከቻለ፣ ከሰኞው በፊት ባለው ቅዳሜ ይምጣ። ቅዳሜ ልደቱን ያክብር፣ እሑድ አብሮት ይዋል፣ ሰኞ ትምህርት ቤት አብራችሁ አድርሱት፣ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ሲወጣ አባቱ ይቀበለውና ይሰናበተው። አራት ቀን ማለት ይኸው ነው።

ጳጉሜ 3 ባዶውን ይለፍ ማለቴ አይደለም። ሩፋኤል እኮ ነው! ከሰዓት ዝናቡ ከመጣ ልብሱን አውልቂለትና ከግቢው ልጆች ጋር ይጠመቅ። እኛም በልጅነታችን የምንጠብቀው ቀን ነበር። ፎጣ ይዘሽ በር ላይ ቁሚ። ሲንቀጠቀጥ ጠቅልለሽ አስገቢና ትኩስ ሻይ በዳቦ ስጪው። ማታ አባቱ ይደውልና «አራት ዓመት ሞላህ፤ ኬኩን እኔ ስመጣ እንቆርሳለን» ይበለው።

የአባቱን መምጣት ደግሞ እንዲህ አድርጉት። ወረቀት ላይ መንገድ ሳይለት። ከላይ ጅቡቲ፣ ከታች ሐዋሳ። መሐል ላይ አባቱ የሚያልፍባቸውን ከተሞች በክብ በክብ አድርጊ፦ ገላፊ፣ ሰመራ፣ ሚሌ፣ አዋሽ፣ መተሐራ፣ አዳማ፣ ሞጆ፣ መቂ፣ ዝዋይ፣ ሻሸመኔ። አባቱ በደወለ ቁጥር አቡሽ የደረሰበትን ክብ ቀለም ይቀባ። ወረቀቱን የምትሰቅይው ቁመቱ በሚደርስበት ቦታ ይሁን። የጅቡቲ መስመር እንደሚታወቀው ነው፤ ወረፋም ብልሽትም አለ። ስለዚህ «ቅዳሜ ይመጣል» ብለሽ ቀድመሽ ቃል አትግቢለት። ሞጆ ደርሶ መኪናውን ካስረከበ በኋላ «ነገ እዚህ ነው» በይው። ያኔ ብትናገሪ አይቀርም። ሻሸመኔ ሲደርስ ደግሞ ልጁን ይዘሽ መናኸሪያ ሂጂ። ባለቤትሽ የሚናፍቃት ያቺ ቅጽበት እዚያ ትጠብቀዋለች፤ ልጁ በሰው መሐል እየተሽሎከለከ ሲሮጥበት።

አሁን ወደ መሰናበቱ። አባቱ በምንም መንገድ ልጁ ተኝቶ አይውጣ። አቡሽ ያለቅሳል፣ አዎ። አንቺም ሆድ ይብስሻል። ግን ያለቀሰ ልጅ አባቱ መሄዱን ያወቀ ልጅ ነው፤ በማግስቱ አልጋ ሥር አይፈልገውም። በቀን፣ ዓይኑ ገልጦ እያየ፣ ቁጭ ብሎ ይንገረው። «አሁን እሄዳለሁ። ሥራ ነው። መስቀል ካለፈ በኋላ እመጣለሁ። ይህን ኮፍያዬን ጠብቅልኝ፤ ስመጣ ትመልስልኛለህ።» ያቺ ወረቀት ላይም ሻሸመኔ ብለው ወደ ላይ መቁጠር ይጀምሩ።

ስለ ሰኞው ትንሽ ልቆይበት፤ አንቺንም የሚያስጨንቅሽ እሱ ነውና።

አማትሽ የሚሉትን ምክር እኔም አንድ ጊዜ ሠርቼበታለሁ። የመጀመሪያ ልጄን ኬጂ ያስገባሁ ቀን አንዲት መምህርት «አሻንጉሊት ስታይ ቶሎ ውጪ» አለችኝ። ወጣሁ። አጥሩ ጋ ቆሜ ድምፅ ባለመስማቴ ደስ ብሎኝ ነበር። ቤት ስንመለስ ግን ልጄ ቀሚሴን ጨብጣ ነበር የምትበላው፣ የምትተኛው። ለሳምንታት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አማትሽ ክፉ አስበው አይደለም፤ የዚያ ዘመን አስተዳደግ ነው። አልቅሶ ይለምዳል የሚሉትም ግማሹ ልክ ነው፤ ልጁ ማልቀሱ አይቀርም። እኔ የማልስማማው ዞር በይ የሚለው ላይ ነው።

ከመከፈቱ በፊት ትምህርት ቤቱን ጠይቂና አቡሽን ይዘሽው ግቢ። የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ የክትባት ካርዱንና ጉርድ ፎቶውን ስትወስጂ አብሮሽ ይምጣ። ክፍሉን ይይ፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ይሞክረው። መምህሯን በስሟ ይወቃት። ከሁሉም በላይ ሽንት ቤቱን ይይ። አምና ሰው ፊት ሱሪው ላይ ሸንቷል፤ ያ አልወጣለትም ይሆናል። በብዙ ኬጂዎች ልጆች ለመውጣት «ቲቸር፣ ሜይ አይ ጎ አውት» እንዲሉ ይጠበቃል። ለአራት ዓመት ዓይን አፋር ልጅ፣ ሽንቱ መጥቶ እያጣደፈው፣ በማያውቀው ቋንቋ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው ይህን ማለት ቀላል አይደለም። ቤት ውስጥ እንደ ጨዋታ አለማምጅው፤ አንቺ ተማሪ ሁኚ፣ እሱ ቲቸር ይሁን። ለመምህሯም ለብቻዋ «በአማርኛ ሽንቴ መጣ ካለሽ እባክሽ ፍቀጂለት» በያት። ቁልፍ ያለው ሱሪ ለጊዜው ይቅር፤ በላስቲክ የሚወርድ ይሁን። አንድ ቅያሪ ቦርሳው ውስጥ ይኑር፤ መኖሩንም ይወቅ።

ምሳ ዕቃውንና የውሃ ኮዳውን ራሱ ከፍቶ መዝጋት ይልመድ። ከዛሬ ጀምረሽ በመክሰስ ሰዓት አሠሪው። ክዳኑ ጠጣር ከሆነ ለውጪው። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን ምሳ ዕቃው አልከፈት ያለው ልጅ ሰው ለመጠየቅ አፍሮ ሳይበላ ይመለሳል።

መለያየቱንም ከአሁኑ በጥቂት በጥቂቱ አለማምጅው። ጎረቤት ዘንድ ለሩብ ሰዓት ተይው። «ሱቅ ደርሼ ስኳር ገዝቼ እመጣለሁ» በይው፤ ስኳሩን ይዘሽ ተመለሽና አሳዪው። ቀጥሎ ግማሽ ሰዓት። የሚማረው እናቴ ስትሄድ ትነግረኛለች፣ ያለችውንም ታደርጋለች የሚለውን ነው። በእንቁጣጣሽ ደግሞ ዕድል አለሽ። እንደሌሎቹ ወንዶች ልጆች አበባና ፀሐይ ሥሎ ለጎረቤት ያዙር። አንቺ አምስት እርምጃ ራቅ ብለሽ ቁሚ። በር አንኳኩቶ ለትልቅ ሰው ወረቀት መስጠት ለእሱ ትልቅ ሥራ ነው። ሁለት ቤት ሄዶ በቃኝ ካለም ይብቃው።

ሰኞ ጠዋት ስንብታችሁ አጭር ይሁን፤ ግን ተነግሮት። ፀጉር ቤት አይደል ያለሽ? ሁለት ተመሳሳይ የፀጉር ላስቲክ ምረጡ። አንዱ አንቺ እጅ ላይ፣ አንዱ እሱ እጅ ላይ። «ምሳህን በልተህ፣ ትንሽ ተጫውተህ ስትጨርስ በር ላይ ነኝ» በይው። ሰዓት አትጥሪለት፤ ዘጠኝ ሰዓት ለእሱ ምንም አይደለም፣ ምሳን ግን ያውቃል። ሳሚው፣ ለመምህሯ እጇ ላይ ስጪያት፣ ሂጂ። ካለቀሰ አትመለሺ። ተመልሰሽ አቅፈሽ እንደገና መሄድ ለሁለታችሁም ይከብዳል። የመጀመሪያውን ሳምንት ግማሽ ቀን ይሁንለት ብለሽ ጠይቂ፤ የሚፈቅዱ አሉ። ከትምህርት ቤት ልትወስጂው ስትመጪ ደግሞ ከወላጆች ሁሉ ቀድመሽ ድረሺ። ደንበኛ ፀጉሯን ተሠርታ ባትጨርስም ለዚያች ሳምንት ሰው ተኪ። መጨረሻ የቀረ ልጅ በሩን እያየ ያሰበውን በቶሎ አይረሳም።

አንድ ነገር እንዳያስደነግጥሽ። ሰኞ ሳያለቅስ ገብቶ ረቡዕ ሊያለቅስ ይችላል። ሰኞ ሁሉም ነገር አዲስ ነው፤ ረቡዕ ግን ይህ ነገር በየቀኑ መሆኑ ይገባዋል። ከመስቀል እረፍት በኋላም እንደገና ሊያገረሽበት ይችላል። አልጋ ላይ ሽንት ሊመለስ ይችላል፣ ማታ ሊነጫነጭ ይችላል። አትቆጪው። እሱ እየሰማ ለሰው አታውሪበት። አንሶላውን ቀይረሽ ዝም በይ። ብዙዎቹ ልጆች በሁለት ሦስት ሳምንት ይረጋጋሉ። ወር አልፎት ጭራሽ እየባሰበት ከሄደ፣ ምግብ እምቢ ካለ፣ በየጠዋቱ ካስመለሰው ወይም ትምህርት ቤት ውስጥ ከማንም ጋር አልናገር ካለ፣ መምህሯን ቁጭ ብለሽ አናግሪ፤ ሐኪምም ይየው። ሰው መታኝ ካለሽ ደግሞ ወር አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ሂጂ። ዘንድሮ አልሆን ካለ አንድ ዓመት ማቆየትም ነውር የለውም። አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመቱ ነው። ጊዜ አለው።

ባለቤትሽ እረፍቱን ማዛወር ባይችልስ? ያኔም አይጨልምብሽ። ጳጉሜ ላይ ይምጣ፣ ግን ለልጁ ተነግሮት ይምጣ፤ በእንቁጣጣሽም በቀን ተሰናብቶት ይሂድ። ሰኞ ጠዋት ከመንገድ ይደውልለት። አንቺን ግን ብቻሽን እንድትቆሚ አልፈልግም። አማትሽን ጥሪያቸው። «እማማ፣ አቡሽን ሳይሆን እኔን ደግፉኝ፤ ስመለስ ቡና አፍልተው ይጠብቁኝ» በያቸው። እንዲህ ተብለው የሚቀየሙ አማት አይመስሉኝም። እሳቸውም በጊዜያቸው ልጅ ይዘው በር ላይ ቆመዋል።

የባለቤትሽን እህት በተመለከተ፣ የምትወደው ወንድሟን ነው፤ አትጣያት። ሥራ ስጫት። ልደቱ ቤት ውስጥ ይሁን፣ አቡሽ የሚያውቃቸው አራት አምስት ልጆች ይበቃሉ። ድፎ ዳቦ፣ ፈንዲሻ፣ ትንሽ ኬክ። ፊኛውን እሷና አቡሽ አብረው ይንፉ፤ ሲፈነዳ ድምፁን አስቀድሞ ይወቀው። መብራት አይጥፋ። ቪዲዮውን ትቅረጽ፣ ግን ካለቀሰ ስልኳን ታስቀምጥ፤ የሚያለቅስ ልጅ ቲክቶክ ላይ አይወጣም። የዩኒፎርሙ ብር እንዳለ ይቀመጥ። እሑድ አባቱ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ይውሰደው፤ ዓሣ ሲበለት የሚሰበሰቡትን እነዚያን ትልልቅ ወፎች አባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ይያቸው።

ካርቶኑን ግን አትጣሉት። እንዲያውም እሷ ጥሩ ትልቅ ካርቶን ትፈልግ። ቅዳሜ ከኬኩ በኋላ ግቢ ውስጥ ያስቀምጡት። አባቱ በቢላ መስኮት ይቁረጥለት፣ ጎማ ይሣልለት፣ ከኋላው ታርጋ ይጻፍበት። አቡሽ ውስጥ ገብቶ መሪ ይያዝ፤ አባቱ ከኋላ ይግፋው። አንቺ ሻሸመኔ ሆነሽ በሩ ጋ ቁሚና «ሹፌር፣ ከየት ነው የመጣኸው? ምን ጫንክ?» ብለሽ ጠይቂው። እህቱ ያኔ ትቅረጽ።